ሲራራ ነጋዴው ቱፓክ አማሩ፦ 350 በቅሎና አንድ ታላቅ አመፅ

«ቱፓክ» ሲባል ብዙው ሰው ትዝ የሚለው አሜሪካዊው ራፐር ነው። ስሙ ግን የተወሰደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፔሩ ተራሮች በስፔን ቅኝ አገዛዝ ላይ ካመፀ ሰው ነው። የሰውየው የክርስትና ስም ሆሴ ጋብሪኤል ኮንዶርካንኪ፣ የአመፅ ስሙ ዳግማዊ ቱፓክ አማሩ ይባላል። ስለ እሱ ሲወራ ሁለት ነገር ይቀድማል፦ ከኢንካ ነገሥታት ዘር ነኝ ማለቱና አሰቃቂ አሟሟቱ። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው፤ ነገር ግን አመፁ ለምን በ1780፣ ለምን ከኩስኮ በስተደቡብ፣ ለምንስ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደዚያ እንደተቀጣጠለ አይነግሩንም። ለዚያ መልሱ ያለው ሥራው ላይ ነው። ሰውየው ሲራራ ነጋዴ ነበር። አመፁም በቅሎዎቹ በለመዱት መንገድ ሄደ፤ በማያውቁት አገር ሲደርስ ቆመ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱና ጭነቱ

ኮንዶርካንኪ በ1738 ከኩስኮ ከተማ በስተደቡብ፣ በቲንታ አውራጃ ሱሪማና በምትባል መንደር ተወለደ። እናትና አባቱ የሞቱት ገና ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ኩራካ ነበሩ። ኩራካ በዘር የሚወረስ የአገሬው ሰው ሹመት ነው፤ ባላባት ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ኩራካ ከወገኖቹ ለስፔን ንጉሥ ግብር ይሰበስባል፣ ለማዕድን ጉድጓድ ሰው ቆጥሮ ይልካል፣ ስፔናዊው ገዥ ሲጠራው ይቀርባል። ግብሩ ከጎደለ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ከራሱ ይሞላል፣ አለዚያ ይታሰራል። ከላይ ገዥው፣ ከታች ዘመዶቹ የሚጎትቱት ሹመት ነበር።

ልጁ ኩስኮ ውስጥ ኢየሱሳውያን መነኮሳት ለኩራካ ልጆች በከፈቱት ትምህርት ቤት ተማረ። ኬችዋ የአፍ መፍቻው ሲሆን ስፔንኛን አጥርቶ ይናገርና ይጽፍ ነበር። በ1760 ሚካኤላ ባስቲዳስን አገባ፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በ1766 የሱሪማና፣ የፓምፓማርካና የቱንጋሱካ ኩራካነት ጸናለት። ከሹመቱ ይልቅ ኑሮውን የያዘለት ግን ከአባቱ የወረሳቸው 350 ያህል የጭነት በቅሎዎች ናቸው።

በፔሩ የጭነት በቅሎ የሚቆጠረው በአሥር በአሥር ነው፤ አንዱ አሥር «ፒያራ» ይባላል። 350 በቅሎ 35 ፒያራ መሆኑ ነው፤ ለአንድ የአገሬው ነጋዴ ትልቅ ሀብት ነው። የአንዲስ የጥንት አጋሰስ ላማ ነበር፤ ላማ ግን ከ25 እስከ 35 ኪሎ ቢሸከም ነው። በቅሎ ከ100 ኪሎ በላይ ይጭናል። ችግሩ ደግሞ ይህ ነው፦ በቅሎ አይወልድም። የሞተውና ያረጀው ሁሉ በግዥ ይተካል። ግዥውም ሩቅ ነው፤ በቅሎዎቹ የሚረቡት በዛሬዋ አርጀንቲና በኮርዶባና በቱኩማን ሜዳዎች ሲሆን፣ ሳልታ ላይ በየዓመቱ በሚቆመው ገበያ ተሸጠው ወደ ሰሜን ይነዳሉ። ስለዚህ የጭነት ነጋዴ ምን ጊዜም ዱቤ ያስፈልገዋል፤ አንድ ክፉ ዓመት ሊያወድቀው ይችላል።

መንገዱ ከኩስኮ ተነሥቶ በቪልካኖታ ሸለቆ ሽቅብ ይሄዳል፣ ቲንታን ያልፋል፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የላ ራያን በር ይሻገራል። ከዚያ በቲቲካካ ሐይቅ ዳር አድርጎ ወደ ላ ፓስ፣ በመጨረሻም ወደ ፖቶሲ ይደርሳል። ፖቶሲ ላይ የብር ተራራ አለ፤ በዚያ ከፍታና ብርድ ግን እህል እንደ ልብ አይበቅልም። ከተማው የሚበላውን፣ የሚለብሰውን፣ የሚያኝከውን ሁሉ በጭነት ያስመጣል። ከኩስኮ በኩል ስኳር፣ የኮካ ቅጠል፣ ሻካራ ጨርቅና በርበሬ ይሄዳል፤ በመልሱ የብር ገንዘብ ይመጣል። ኮንዶርካንኪ የዚህ መንገድ ሰው ነበር። ካራባያ ውስጥ የኮካ ማሳ፣ በማዕድንም ጥቂት ድርሻ ነበረው።

ሲራራ ነጋዴ ከጭነቱ እኩል ወሬ ይጭናል። የትኛው መንደር ሣር እንደሚያስግጥ፣ የትኛው ቄስ አዳር እንደሚሰጥ፣ የትኛው ኩራካ ዕዳ እንደገባና ማንን እንደሚጠላ ያውቃል። ማን ደብዳቤ ማንበብ እንደሚችልና ደብዳቤውን ማን ቶሎ እንደሚያደርስም ያውቃል። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ጦር የሰበሰበው በዚሁ እውቀት ነው።

ረፓርቶ የሚባለው ወጥመድ

አመፁን ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ እንምረጥ ከተባለ የምንመርጠው ረፓርቶን ነው። ቃሉ «ማደል» ማለት ነው፤ የሚታደለው ግን ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

አውራጃውን የሚያስተዳድረው «ኮሬሂዶር» የሚባል ገዥ ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ሹመቱን አግኝቶ አውራጃው እስኪገባ የሚያወጣው ወጪ ግን ብዙ ስለሆነ አብዛኛው ሥራውን የሚጀምረው በዕዳ ነው። ስለዚህ በቅኝ ግዛቱ መናገሻ በሊማ ከትልልቅ ነጋዴዎች ዕቃ በዱቤ ይወስዳል፤ በቅሎ፣ ጨርቅ፣ ብረት። አውራጃው ሲደርስ ዕቃውን በኩራካዎች በኩል ለየመንደሩ ያከፋፍላል። አልፈልግም ማለት የለም፤ ዋጋ መከራከርም የለም። ማረሻ የሌለው ብረት፣ የሚጭነው የሌለው በቅሎ ይደርሰዋል። የዘመኑ አቤቱታዎች ጢም ለማያበቅሉ ገበሬዎች ስለታደለ ምላጭና ስለ ሐር ካልሲ ሳይቀር ይናገራሉ። ዋጋው ከገበያው እጥፍና ከዚያም በላይ ነበር።

የማድሪድ መንግሥት ይህን ለረጅም ጊዜ በሕግ ከልክሎት ነበር። ክልከላው አልሠራም። በ1750ዎቹ ሐሳቡን ቀየረና ለእያንዳንዱ አውራጃ የዕቃ ዓይነት፣ የዋጋና የመጠን ጣሪያ አወጣ፤ በዚያውም ላይ ቀረጥ ጣለ። ሊያስቆመው ያልቻለውን ፈቅዶ ገቢ አደረገው ማለት ነው።

ጣሪያው ለምን አልያዘም? ጣሪያውን የሚጠብቀው ዳኛ ራሱ ሻጩ ስለሆነ ነው። ኮሬሂዶር ነጋዴም ነው፣ ቀረጥ ሰብሳቢም ነው፣ ፈራጅም ነው፣ የወህኒ ቤቱም አለቃ ነው። በአንድ የሥራ ዘመን አንዴ እንዲያድል የተፈቀደለትን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢያድል የሚከሰሰው ለማን ነው? የሚከፋው ደግሞ የአምስቱ ዓመት መጨረሻ ነው። ገዥው ከመሻሩ በፊት የሊማ አበዳሪዎቹን መክፈል አለበት፤ ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት ያልከፈለው ሰው በጉ፣ ላማውና በሬው ይነዳበታል። ከብት የሌለው ኦብራሄ ይገባል። ኦብራሄ የሱፍ ጨርቅ የሚሸመንበት ትልቅ ቤት ነው፤ በሩ የሚቆለፍ፣ ባለዕዳ በጉልበቱ ዕዳውን የሚከፍልበት፣ ብዙ ጊዜም ዕዳው የማያልቅበት።

አሁን ወደ ሲራራ ነጋዴው እንመለስ። ገዥው በቅሎ በግድ ሲያድል የበቅሎ ነጋዴው ገበያ ይሞታል። የገበሬው እጅ በረፓርቶ ዕዳ ሲታሰር በርበሬና ጨርቅ የሚገዛበት ገንዘብ አይተርፈውም። የነጋዴው ዱቤ የሚሰበሰበው በመተማመን ነው፤ የገዥው በወህኒ ቤት። ሁለቱ ከአንድ ኪስ ሲጠብቁ ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው። ኮንዶርካንኪ በነጋዴነቱ ይከስራል፤ በኩራካነቱ ደግሞ ይህንኑ ያከሰረውን ዕዳ ራሱ ዞሮ ለዘመዶቹ እንዲያድልና እንዲሰበስብ ይታዘዛል።

ሌላው ቀንበር ሚታ ነበር። ከ1570ዎቹ ጀምሮ በተወሰኑ አውራጃዎች ካሉ ለአቅመ አዳም ከደረሱ ወንዶች ከሰባቱ አንዱ በየተራው ለአንድ ዓመት ፖቶሲ ሄዶ በብር ጉድጓድ ይሠራል። ከቲንታ እስከ ፖቶሲ ያለው መንገድ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰዎቹ የሚሄዱት ሚስትና ልጃቸውን ይዘው፣ ስንቃቸውን በላማ ጭነው በእግራቸው ነው፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሕዝቡ እየቀነሰ ሄደ፤ ከየመንደሩ የሚጠየቀው ቁጥር ግን ከቀሪው ሕዝብ ጋር እኩል አልቀነሰም።

በኬላ ላይ ኬላ

እስከ 1776 ድረስ ይህ ሁሉ ከባድ ቢሆንም የተለመደ ነበር። ነገሩን ያፈነዳው ስፔን ቅኝ ግዛቶቿን እንደ አዲስ ለማደራጀትና ለጦርነቶቿ ገንዘብ ለመሰብሰብ ያደረገችው ለውጥ ነው።

በዚያው በ1776 መናገሻው ቡዌኖስ አይሬስ የሆነ አዲስ እንደራሴነት ተቋቋመ፤ ፖቶሲም ከሊማ ግዛት ተነጥላ ወደዚያ ሄደች። በካርታ ላይ መስመር ማስመር ይመስላል። ለኩስኮ ነጋዴ ግን ዋናው ገበያው ሌላ ግዛት ሆነ። የፖቶሲ ብር ወደ አትላንቲክ ወደብ ዞረ፤ በመልሱ በቡዌኖስ አይሬስ በኩል የአውሮፓ ጨርቅ ገባ። የኩስኮ ሻካራ ጨርቅና ስኳር ገዢ አጣ፤ ጭነት ሲቀንስ በቅሎ ሥራ ይፈታል።

በዚህ ላይ «አልካባላ» የተባለው የሽያጭ ቀረጥ ከመቶ 4 ወደ 6 ከፍ አለ። 2 ነጥብ ብቻ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አልካባላ የሚከፈለው ዕቃው በተሸጠ ቁጥር ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍ ሸቀጥ ላይ ይደራረባል። በዚያ ላይ ቀድሞ የሚታለፈው፣ የሚደራደሩበት፣ ለአገሬው ሰው ምርት ነጻ የነበረው ሁሉ አሁን ኬላ ላይ እየተፈታ ይመዘን ጀመር። አሬኪፓ ላይ አዲሱ የጉምሩክ ቤት በጃንዋሪ 1780 በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ሕዝብ ወርሮ ዘረፈው። ኩስኮ ውስጥም ብር አንጥረኞች የገቡበት ሤራ ተደርሶበት መሪዎቹ ተሰቀሉ። ሁለቱም የከተማ ቁጣዎች ነበሩ፤ ገጠሩን የሚያንቀሳቅስ ክር አልነበራቸውም።

ኮንዶርካንኪ መጀመሪያ የሄደው በሕግ መንገድ ነው። በ1777 ሊማ ወርዶ ሁለት ጉዳይ አቀረበ። አንደኛው በ1572 ኩስኮ ላይ አንገቱ የተቀላው የመጨረሻው ኢንካ፣ የቀዳማዊ ቱፓክ አማሩ ዘር መሆኑ እንዲጸናለት ነው፤ በዚህ ላይ ዲዬጎ ፌሊፔ ቤታንኩር ከተባለ የኩስኮ ሰው ጋር ተካሰሰ። ሁለተኛው የሦስቱ መንደሮች ሰዎች ከፖቶሲ ሚታ ነጻ እንዲወጡ ነው። የሚታውን ጉዳይ ከንጉሡ የተላከው መርማሪ ሆሴ አንቶኒዮ ዴ አሬቼ ውድቅ አደረገው። የዘር ጉዳዩም ዕልባት አላገኘም። ነጋዴው ከአንድ ዓመት በላይ በሊማ ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ በሊማ ቆይታው ግን የመንግሥት ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍና ማኅተም ምን ያህል እንደሚያስፈራ አይቷል።

በገዥው ወረቀት

ኖቬምበር 4 ቀን 1780 የንጉሥ ካርሎስ ሣልሳዊ ስመ ቅዱስ በዓል ነበር። ያናኦካ በምትባል ከተማ ቄሱ ቤት ምሳ ተደገሰ። የቲንታው ኮሬሂዶር አንቶኒዮ ዴ አሪያጋ አለ፤ ኮንዶርካንኪም አለ። ከምሳ በኋላ ገዥው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ተያዘና በምስጢር ወደ ቱንጋሱካ ተወሰደ።

ቀጥሎ የሆነው የነጋዴ ሥራ ነው። አሪያጋ በገዛ እጁ ለገንዘብ ያዡ ደብዳቤ እንዲጽፍ ተደረገ። በደብዳቤው መሠረት 22,000 ፔሶ፣ 75 ጠመንጃና የጭነት ከብት ወጣ። ሌሎች ደብዳቤዎች ደግሞ የአውራጃው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቱንጋሱካ እንዲገኝ አዘዙ። ትእዛዙ የገዥው ስለሆነ ሰው መጣ፤ ኩራካውም፣ ስፔናዊውም፣ ክልሱም። የመጀመሪያው ጦር የተሰበሰበው በመንግሥት ወረቀት ነው።

ኖቬምበር 10 ቀን አሪያጋ በሕዝብ ፊት ተሰቀለ። ሰቃዩ የራሱ ባሪያ የነበረው አንቶኒዮ ኦብሊታስ ነው። መጀመሪያ ገመዱ ተበጠሰ፤ ሁለተኛው ገመድ ከበቅሎ ጭነት የመጣ ነበር። በስፔንኛና በኬችዋ የተነበበው አዋጅ ይህ ሁሉ የሚደረገው በንጉሡ ትእዛዝ ነው አለ፦ አልካባላ ቀርቷል፣ ኬላ ቀርቷል፣ የፖቶሲ ሚታ ቀርቷል።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከማድሪድ አልመጣም። ታዲያ ለምን በንጉሥ ስም? «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ተረት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግራ አያጋባም። የገጠሩ ሰው ንጉሡ ደግ ነው፣ የሚበድሉን ሹማምንቱ ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ በንጉሡ ስም መነሣት ከኃጢአትም ከክህደትም ነጻ ያወጣዋል። እዚያው የተወለዱ ስፔናውያን፣ ክሪዮሎ የሚባሉት፣ በቀረጡ ስለተማረሩ በዚህ መንገድ ሊገቡ ይችላሉ ተብሎም ተስፋ ተደርጓል። ስሌቱ ለጥቂት ሳምንታት ሠራ።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ጦሩ በፓሩፑኪዮና በፖማካንቺ ያሉትን ኦብራሄዎች ሰብሮ እስረኞቹን ፈታ፤ ጨርቁን አከፋፈለ። ኖቬምበር 16 ቀን ከእሱ ጋር ለሚሰለፉ ባሪያዎች ነጻነት የሚያውጅ ጽሑፍ ወጣ። ኖቬምበር 18 ቀን ከኩስኮ የተላከ ጦር ሳንጋራራ ላይ ተከበበና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠለለ። ውስጥ የነበረው ባሩድ ፈነዳ፣ ጣሪያው ወደቀ፤ በዚያ ቀን ከ500 በላይ ሰው አለቀ።

ድሉ መርዝ ነበረው። የኩስኮው ጳጳስ ሁዋን ማኑኤል ሞስኮሶ አመፀኛውን አወገዙት፤ ውግዘቱም በየቤተ ክርስቲያኑ በር ተለጠፈ። የሚገርመው እኚሁ ጳጳስ በዚያው ዓመት አሪያጋንም በሌላ ጠብ አውግዘውት ነበር። ውግዘት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቱፓክ አማሩ ራሱ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ተከታዮቹም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለበት ወሬ ከውግዘቱ ጋር ሲዛመት የሚያመነቱ ክልሶችና ክሪዮሎዎች ሹልክ ማለት ጀመሩ።

ስንቅ፣ ወረቀትና ሚካኤላ

ከዚህ ወዲያ ያለውን በአንድ ጀግና ታሪክ መንገር ስህተት ነው። ቱንጋሱካ ላይ ተቀምጣ አመፁን ያስተዳደረችው ሚካኤላ ባስቲዳስ ናት። ባሏ ለንግድ ሲወጣ የንግዱን ሒሳብ ትይዝ የነበረችው እሷ ነች፤ አሁን ያንኑ በጦር ልክ አደረገችው። ለኩራካዎች ስንት ሰውና ምን ያህል ስንቅ እንደሚልኩ ትጽፋለች። ለመንገደኛ የይለፍ ወረቀት ትሰጣለች፤ ወረቀት የሌለው በኬላ ይያዛል። ድልድይ የሚጠብቅ ሰው ትመድባለች። ኮካ፣ እህልና የተዋጊ የቀን አበል ታከፋፍላለች። ደብዳቤዎቿ ተማርከው ለፍርድ ቤት ማስረጃ ስለሆኑ እስከ ዛሬ አሉ፤ ሲነበቡ የጦር አዛዥ ደብዳቤ ይሁኑ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ለመለየት ያስቸግራሉ።

ከሳንጋራራ በኋላ ኩስኮ በድንጋጤ ላይ ነበረች። ቱፓክ አማሩ ግን ወደ ኩስኮ አልሄደም። ፊቱን ወደ ደቡብ፣ በቅሎዎቹ ወደለመዱት መንገድ አዞረ፤ ላራያን ተሻግሮ ወደ ላምፓና ወደ አዛንጋሮ ወረደ። ሚካኤላ በዲሴምበር መጀመሪያ በጻፈችለት ደብዳቤ በምሬት ወቀሰችው፦ በየመንደሩ ጊዜ እየፈጀህ ነው፣ ስንቅ እያለቀ ነው፣ ሰው ስንቁ ሲያልቅ ጥሎን ይሄዳል፣ ጠላትም ይበረታል። ያለችው ሁሉ ደረሰ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን መዘግየት የአመፁ ትልቁ ስህተት ያደርጉታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ደቡቡ የሰውና የስንቅ ምንጩ ነበር፤ ከኋላው ለንጉሡ የቆመው የፑኖ ጦር ነበር፤ ጠመንጃው ደግሞ ጥቂት። ወንጭፍና ጦር ይዞ ከተማው ላይ በኖቬምበር ቢወጣ ይይዘው ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የጠፋው ጊዜ ግን ለጠላት ሠራ። የሊማው እንደራሴ በዲሴምበር ረፓርቶን በአዋጅ ሻረ፤ የአመፁን ዋና መፈክር ከአፉ ነጠቀው ማለት ነው። ከሊማ የተላከ የመጀመሪያው ረዳት ጦርም ጃንዋሪ 1 ቀን 1781 ኩስኮ ገባ።

ከበባው የተጀመረው ዲሴምበር 28 ነው፤ ጃንዋሪ 10 ቀን ተነሣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከከተማው በላይ ባሉ ኮረብቶች ሰፍሮ ነበር። ያልተሳካበት ምክንያት አንድ አይደለም። ወቅቱ የዝናብ ነው፤ ባሩድ ይረጥባል፣ ሰው ይታመማል፣ ገበሬው ማሳው ትዝ ይለዋል። መድፍ ቢኖርም በወጉ የሚተኩስ ሰው አልነበረም። ከተማው ከፊት መስመር ያሰለፈው የአገሬውን ሰው ስለነበር ቱፓክ አማሩ በገዛ ወገኑ ላይ ለመተኮስ አመነታ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሰሜኑ ነው። ከኩስኮ በስተሰሜን ያለው የኡሩባምባ ሸለቆ የሌሎች ኩራካዎች አገር ነበር፤ ዋናው የቺንቼሮው ማቴዎ ፑማካዋ። እነዚህ ሰዎች የኢንካ ዘርነታቸው በስፔን ሕግ የጸና፣ ርስትና ማዕረግ ያላቸው ናቸው። በእነሱ ዓይን የቱንጋሱካው ሰው ዘሩ ያልተረጋገጠ በቅሎ ነጂ ነው። ንግዱም፣ ጋብቻውም፣ ዱቤውም ወደ ደቡብ ስለነበር ከእነሱ ጋር የሚያስተሳስረው ነገር አልነበረም። ፑማካዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎቹን ይዞ ለንጉሡ ተሰለፈ፤ አመፀኞቹም ሸለቆውን አቋርጠው ከተማዋን ከሰሜን መዝጋት አልቻሉም። በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ከበባ ከበባ አይባልም። ይህን አመፅ የነጭና የአገሬው ሰው ጦርነት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻው

በ1781 መጀመሪያ መርማሪው አሬቼና የጦር አዛዡ ሆሴ ዴል ቫዬ ከሊማ ኩስኮ ደረሱ። በማርች የተነሣው ጦራቸው ከ15,000 በላይ ነበር፤ አብዛኛውም በታማኝ ኩራካዎች ሥር ያለ የአገሬው ሰው ነው። ተራራው አመፀኛውን ለጥቂት ሳምንታት ጠበቀው፤ በኤፕሪል መጀመሪያ ቼካኩፔ አካባቢ ጦሩ ተሰበረ። እሱም ሲሸሽ ላንጊ ላይ የራሱ ሰዎች አሳልፈው ሰጡት። ሚካኤላና ልጆቹም ተያዙ።

ሜይ 18 ቀን 1781 በኩስኮ አደባባይ ሚስቱ፣ የበኩር ልጁ ኢፖሊቶ፣ አጎቱና የአኮሷ ሴት ኩራካ ቶማሳ ቲቶ ኮንዴማይታ በፊቱ ተገደሉ። ገዥውን የሰቀለው ኦብሊታስም ከሟቾቹ አንዱ ነው። ቱፓክ አማሩን ምላሱን ቆርጠው እጅና እግሩን በአራት ፈረስ አስጎተቱት፤ ሰውነቱ አልለያይ ሲል አንገቱን ቀሉት። አካሉ ተከፋፍሎ አመፁ ወዳለፈባቸው ከተሞች ተላከ። ትንሹ ልጅ ፌርናንዶ ወደ ስፔን ተወስዶ በ1798 እዚያው ሞተ።

አሬቼ ከዚያ ያወጣው ትእዛዝ ምን እንደፈራ ያሳያል፦ የኢንካ ልብስ፣ የነገሥታቱ ሥዕልና በዘር የሚወረስ ኩራካነት እንዲቀር፣ ሕዝቡ ኬችዋን ትቶ ስፔንኛ እንዲናገር። ቋንቋ በአዋጅ አይጠፋምና ኬችዋ ዛሬም በሚሊዮኖች ይነገራል። አመፁም በዚያ ቀን አልቆመም። የቱፓክ አማሩ የአጎት ልጅ ዲዬጎ ክሪስቶባል በቲቲካካ ዙሪያ ቀጠለ፤ በስተደቡብ ቱፓክ ካታሪ የተባለው የአይማራ መሪ ላ ፓስን ከበበ። እሱም ነጋዴ ነበር፤ ኮካና ጨርቅ እያዞረ የሚሸጥ። በሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው ወደ 100,000 ይገመታል። ካታሪ በኖቬምበር 1781 ተገደለ። ዲዬጎ ክሪስቶባል በ1782 ምሕረት ተቀብሎ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምሕረቱ ታጠፈና እሱም ተገደለ።

አመፀኛው ከጠየቀው ውስጥ የተፈጸመም አለ። ረፓርቶ ተሽሯል፤ ምንም እንኳ በየቦታው በድብቅ ቢቀጥልም። የኮሬሂዶር ሹመት በ1784 ቀርቶ በሌላ አስተዳደር ተተካ። ሰው ለአቤቱታ እስከ ሊማ እንዳይንከራተት ኩስኮ የራሷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይኑራት የሚለው ጥያቄውም በ1787 ተፈቀደ። በዚያ ፍርድ ቤት ላይ ከዓመታት በኋላ በጊዜያዊ ፕሬዚዳንትነት የተሾመው ከበባውን ያከሸፈው ማቴዎ ፑማካዋ ነው። ፑማካዋ በ1814 በሰባዎቹ ዕድሜው ራሱ በስፔን ላይ አመፀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከቲንታ ብዙም በማይርቀው በሲኩዋኒ ተገደለ።